ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው

«ቁሚ! አንቺ! ያ ኮት የማን ነው?»

ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር። ሌላ ሴት ከወንድ ጋር ስትተዋወቅ «ስምሽ ማን ነው?» ትባላለች። እኔ የኮት ባለቤት ተጠየቅኩ።

ነገሩ የሆነው ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ነው። እኔ እየወረድኩ፣ እሱ እየወጣ። ሰማያዊ የአውቶቡስ ሹፌር ልብስ ለብሷል፤ ብብቱ ሥር ዳቦ ይዟል። እኔ ደግሞ በአንድ ክንዴ የሴት ኮት፣ በሌላው ልብስ የሞላ ቦርሳ። ለነገሩ ከሱ ጎን ሆኜ ራሴን ባየው እኔም እጠረጥር ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን መሀል ከተማ፣ በመድኃኒት ቤትና በሞባይል ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ናት። በሯ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። ቅዳሜ ግን ማንም አይስታትም፤ ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ለመጣ ሁሉ ምሳ ስለሚያቀርብ ሰልፉ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ረቡዕ ደግሞ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆንን እንጠይቃለን።

የኔ ጓደኛ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ፖስተኛ እንላቸዋለን። ያን ረቡዕ ሕንፃው ሥር ስንደርስ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ጋሼ ደረጃውን ቀና ብለው አዩትና በር ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ዓለም የተመደበልኝን ደረጃ ወጥቼ ጨርሻለሁ። አንቺ ውጪ።»

አራተኛ ፎቅ ላይ ያገኘኋቸው እናት ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ወደ ምድር ወርደው አያውቁም። ድሮ ግን ከቤተ ክርስቲያናችን ፊተኛ ወንበር የማይጠፉ ነበሩ። ሥራዬን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ቁም ሳጥኑን ክፈቺው። ግራጫው ኮት አለ አይደል? አጥብቢልኝ። ኮቱ አልሰፋም፤ እኔ ነኝ ያነስኩት። አንድ ቀን መውረዴ አይቀርም፤ ያን ቀን እንደ ጆንያ መታየት አልፈልግም።»

እንግዲህ ያንን ኮት ይዤ ነው ደረጃው ላይ የተያዝኩት።

«ልቀቀኝ! አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ናቸው የሰጡኝ!»

«እናቴ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋዋ አትነሳም! ቁም ሳጥን ከፍታ ኮት የምትሰጥሽ እንዴት አድርጋ ነው?»

«ቁም ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኛ!»

ካልኩት በኋላ ምን እንዳልኩ ገባኝ።

ወደ ላይ መለሰኝ። እናትየው ታሪኩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ሌባዋን ይዘህልኝ መጣህ? በል አሁን ወንበር ስጣት!»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ኮፍያውን አውልቆ እጁ ላይ ማሽከርከር ጀመረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ... አላወቅኩም... እርስዎ...»

«ደረጃው ላይ 'አንቺ' ነበርኩ» አልኩት። «እዚህ ስገባ 'እርስዎ' ሆንኩ?»

«ሹመት ነው ልጄ» አሉ እናትየው፤ «አትግፊው!»

ሲሸኘኝ ማን እንደላከኝ ጠየቀኝ። «ቤተ ክርስቲያን» ስለው ፊቱ ተለወጠ።

«ስሚ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን እናንተ አንድ ቀን ትመጣላችሁ፣ ታዝናላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። እሷ ግን በር በሩን እያየች ትቀራለች። ስታዝን የማያት እኔ ነኝ። እባክሽ የማትፈጽሚውን ተስፋ አትስጪያት።»

«ረቡዕ ኮቱን ይዤ እመጣለሁ።»

«እናያለን።»

መጣሁ። በሚቀጥለውም መጣሁ፤ ከዚያም አልቀረሁም። ኮቱ ካለቀ በኋላ ቀሚስ ነበር፣ ከቀሚሱ በኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው በኋላ ወሬ። እማማ ወሬያቸው አያልቅም። የሚገርመው፣ እሱም ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ቤት መገኘት አበዛ። አንዴ «ፈረቃዬ ተቀየረ» ይላል፣ አንዴ «የበሩ እጀታ ላልቷል» ብሎ መፍቻ ይዞ ይንበረከካል። ያ የበር እጀታ ስንቴ እንደተጠበቀ እግዚአብሔር ይወቀው!

አይናገርም። እኔ ስናገር ግን ሥራውን ያቆማል።

«ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ» አሉኝ አንድ ቀን እማማ ጮክ ብለው፣ እንዲሰማ። «የኔው ልጅ ግን የወርቅ ማዕድን ሆነብኝ።»

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ድምፅ የለውም። እኔም ጣቴን በመርፌዬ ወጋሁ።

የእማማን ምኞት ለፓስተራችን ነገርኳቸው። ፓስተራችን ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ማይክሮፎን የማያስፈልጋቸው ሴት ናቸው።

«ሊፍቱ እስኪጠገን ብንጠብቅ ጌታ ቀድሞ ይመጣል» አሉ። «ጠንካራ ወንበርና አራት ወንድ ፈልጉልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ በወገባቸው በመቀነት ከወንበሩ ጋር ታስረው ደረጃውን ወረዱ። ሦስቱ ወንዶች ከመዘምራን ናቸው። አራተኛው፣ ከታች በኩል ክብደቱን የተሸከመው፣ ልጃቸው ነው። በየፎቁ ጎረቤት በር ይከፍታል፤ እማማ እንደ ንግሥት እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

«ቀስ በሉ! አሁን ብሞት ኮቱ ያሳዝነኛል!»

አዳራሹ ስንደርስ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የድሮ ጓደኞቻቸው ተሰብስበው አለቀሱ፣ ሳቁ፣ «ከሳሽ»፣ «አማረብሽ» ተባባሉ። መዝሙር ተጀመረ፤ የእማማ ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

እሱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በኮፍያው ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ሾርባ ወሰድኩለት።

«ብላ።»

«እኔ እንኳ አልራበኝም... ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው።»

«እዚህ የራበው ብቻ አይደለም የሚበላው። አብሮ መቀመጥ ነው ቁም ነገሩ። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። በግራው መንገድ ላይ የሚያድር ሽማግሌ፣ በቀኙ የጥርስ ሐኪም። ሦስቱም ስለ እግር ኳስ ሲከራከሩ ሰማሁ። የዝምተኛው ሰውዬ ድምፅ ከሁለቱም ይበልጥ ነበር!

ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ አጠበና ወደ ፓስተራችን ሄደ።

«ጓሮ የቆመው ሚኒባስ ይሠራል?»

«መኪናውስ ይሠራል። የጠፋው ሹፌር ነው።»

«ተገኘ።»

ከዚያ ወዲህ ሥራ በሌለው ቅዳሜ ሁሉ አቅመ ደካሞችን ከየቤታቸው ሰብስቦ የሚያመጣው እሱ ሆነ። ደግፎ የሚያወጣቸው ረዳት ደግሞ እኔ። ቦታዬ ከፊት፣ ከጎኑ ነው። ዝናብ በዘነበ ቀን የመስታወቱ መጥረጊያ እየተንቋቋ፣ ከኋላችን አሮጊቶቹ እየተንጫጩ፣ ከተማው ውስጥ እንደኔ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሁሉንም አድርሰን ብቻችንን ስንመለስ፣ ሳልጠየቅ ነገርኩት።

«አግብቼ ነበር።»

ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ልጅ አልመጣልንም። ችግሩ ከኔ መሆኑን ሐኪም ነገረን። እሱም አንድ ቀን ሥራ እንደሚሄድ ሰው ወጣና አልተመለሰም። ምንም አላለኝም። አንዲት ቃል እንኳ...»

 ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «በርዶሻል፤ መስኮቱን ልዝጋልሽ?» አለኝ።

ቤቴ ስገባ ያንን «በርዶሻል» ስንት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት! ይኼ ሰው ልብ አለው አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚኒባሱን በር ከፍቼ ገባሁ።

«እንደምን አደሩ?» አለኝ።

እንደምን አደሩ! የቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ቀኑን ሙሉ «ይግቡ»፣ «ይውረዱ»፣ «ይጠንቀቁ» ብቻ። አንድ ቃል ሲቀየር ይኼን ያህል እንደሚበርድ አላውቅም ነበር። ከምሳ በኋላ የሚኒባሱን ቁልፍ ለፓስተራችን ሲሰጥ አየሁ።

«ሌላ ከተማ ዝውውር ጠይቄያለሁ። ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ። እናቴ እህቴ ጋ ትሆናለች» አለ። ወደኔ አልዞረም።

 ማንም ሳያየኝ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አጠብኩ፤ ንጹህ ድስት። ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ስላልወለድኩ ነው። ያኛው በበር ወጥቶ ሄደ፣ ይኼኛው በ«እርስዎ» ሄደ።

ረቡዕ ጋሼ ፖስተኛ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እሱ ነው እንደዚህ ያለሽ?»

«እሱማ ምንም አላለም።»

«ታዲያ መልሱን ማን ጻፈው? አንቺ ራስሽ ጽፈሽ፣ ራስሽ አድርሰሽ፣ ራስሽ አነበብሽው! አርባ ዓመት ፖስታ ሳመላልስ እንዲህ ያለ አላየሁም። ሂጂና ጠይቂው።»

እማማ ዘንድ ወጣሁ። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ፤ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ሴት ልጃቸው ጋ መሄዱን እንዳልፈለጉት ያስታውቃል። ዞረው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጠይቂው» አሉኝ እሳቸውም። «ብቻ... ማን እንደነገረው አትጠይቂው።»

«ምኑን?»

«አላውቅም። እንቅልፌ መጣ።»

በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ የሱን መስመር ፌርማታ ላይ ጠበቅኩ። አውቶቡሱ መጣ፤ ገባሁ፤ ቀጥታ ከመቀመጫው ኋላ ቆምኩ። ሲያየኝ ማርሹ ተንጫጫ።

«ላናግርህ ፈልጌ ነበር።»

በጣቱ ከፊት መስታወቱ በላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ፦ ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው።

«እሺ። አላናግርህም። እቆማለሁ።»

ቆምኩ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወርዳል፣ እኔ ቆሜያለሁ። እሱ በመስታወት ያየኛል፣ መንገዱን ያያል፣ ደግሞ ያየኛል። አንዲት የአትክልት ዘንቢል የያዙ ሴትዮ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ አንቺ መውረጃሽ የት ነው?»

«መጨረሻው ላይ።»

«እንግዲያው እስኪደርስ ዞር በይለት! እሱ አንቺን ሲያይ የኔ ፌርማታ አለፈ!»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እሱ ይቅርታ ጠይቆ አወረዳቸው፤ ጆሮው እንደዚያ ቀን ቀልቷል።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወረደ። ሞተሩን አጠፋ። 

«አሁንስ ማናገር ይቻላል?»

«ቆሟል። ይቻላል... እርስዎ...»

«አትበለኝ!» ጮኽኩ።  «እርስዎ አትበለኝ። ልጅ የማትወልድ ሴት አልፈልግም ካልክ መብትህ ነው። አልቀየምህም። ግን በአፍህ ንገረኝ። አንዱ ሳይናገር ጥሎኝ ሄዷል። ሁለተኛ ዝምታ አልችልም!»

አፉን ከፍቶ አየኝ።

«የምን ልጅ?»

«የነገርኩህ ነዋ! ከነገርኩህ በኋላ ነው የተለወጥከው!»

«እኔ... አንቺ ልታገቢ አይደል እንዴ?»

«ማንን?»

«የፓስተሯን ወንድም!»



«ፓስተራችን ወንድም የላቸውም።»

«ምን ማለት የላቸውም?»

«የላቸውም! ሁሉም እህቶች ናቸው! አባታቸው ወንድ ልጅ እንደተመኙ ነው የሞቱት፤ በየስብከቱ ይናገሩታል! ማነው የነገረ—»

«ማን እንደነገረው አትጠይቂው»... ትዝ አለኝ። እሱም ገባው።

«እማዬ!» አለ።

«እማማ!» አልኩ።

መቀመጫው ላይ ወደኋላ ተደገፈና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«'የፓስተሯ ወንድም ጠይቋታል፤ እሺ ሳትል አትቀርም' አለችኝ። እህል አልወርድ አለኝ። ሰው የጠየቃትን ሴት በየሳምንቱ ከጎኔ አስቀምጬ መንዳት አልቻልኩም። አጠገብሽ ሆኜ ከማጣሽ፣ ርቄ ልጣሽ ብዬ ነው።»

«እኔን መጠየቅ አይቀልም ነበር?»

«ለኔ? ሌላ ከተማ መሄድ ይቀላል።»

እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ተነስቶ ከፊቴ ቆመ።

«ስሚኝ። ያን ቀን በመኪናው ውስጥ ስትነግሪኝ፣ ያንን ሁሉ ብቻሽን እንደተሸከምሽው አስቤ ልቤ ተሰበረ። ቃል ጠፋኝና መስኮት ዘጋሁ። እኔ የወደድኩት አንቺን ነው። በሌለ ልጅ ያለሽውን አንቺን አልለውጥም። ለነገሩ ቤቴ አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሰማንያ አልፏታል፣ ትዋሻለች፣ እንቅልፍ አስመስላ ትተኛለች። እሷን አብራኝ የምታሳድግ ሴት ነው የምፈልገው። ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ።»

ሊያቅፈኝ እጁን ሲዘረጋ በሩ ተደበደበ። ውጭ የቆሙት ተሳፋሪዎች ናቸው።

«ሹፌር! በሩን ክፈት እንጂ! ሥራ አለን እኮ!»

የመልሱን ጉዞ ከኋላው ተቀምጬ ሄድኩ። አንድም ፌርማታ አላለፈም፤ ግን እያፏጨ ነበር የሚነዳው።

አመሻሽ ላይ አብረን አራተኛ ፎቅ ወጣን። እማማ ድምፃችንን ከደረጃው ሰምተው ኖሯል፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እማዬ» አላቸው፤ «የፓስተሯ ወንድም ሰላም ብሎሻል።»

አንድ ዓይን ተከፈተ።

«ደህና ነው?»

ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። እሳቸው ግን ቀና ብለው ተቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ።

«ሌላ ሰው እንዳይወስድብህ ትፈጥናለህ ብዬ ነው ልጄ። አንተ ድንጋይ ነህ፤ ካልገፉህ አትነቃነቅም። ገፋሁህ፤ ቁልቁል ተንከባለልክብኝ! እውነቱን እንዳልናገር አፈርኩ። እኔ ነገ አልፋለሁ። ብቻህን ስትበላ እየታየኝ መተኛት አቃተኝ። ግን በውሸቴ ሁለታችሁንም ላጣችሁ ነበር። ይቅር በሉኝ...»

ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ።

«ይቅር ብዬሻለሁ። ዳግመኛ ግን ወንድም የሌላቸውን ሰዎች ወንድም አታድርጊላቸው።»

ዝውውሩን ሰረዘ። የድሮ መስመሩ ግን ለሌላ ተሰጥቶ ስለቆየ፣ ማንም የማይወደው ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው መስመር ደረሰው። አላጉረመረመም። እኔም ማልዶ መነሳት ተማርኩ።

የተጋባነው ቅዳሜ ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን። ቀሚሴን ራሴ ሰፋሁት። ምሳ ሊበሉ የመጡት ሁሉ ተጋባዥ ሆኑ፤ መንገድ ላይ የሚያድሩት ሽማግሌ ክራቫት ተውሰው መጡ፤ ጋሼ ፖስተኛ ጉልበታቸውን እየያዙ ከኔ ጋር ወደ መሠዊያው ሄዱ። ፓስተራችን ሲባርኩን ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ተሰማ።

«ለኔ ወንድም የፈጠሩልኝ እናት እዚህ ተቀምጠዋል። አመሰግናቸዋለሁ፤ ቢያንስ መልከ መልካም ነበር ይባላል!»

እማማ ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል፤ ልክ እንደ ልጃቸው።

አሁን ሦስታችን ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ፣ ምድር ላይ ባለ ቤት ነው የምንኖረው። እማማ ደረጃ ከቀረላቸው ወዲህ ቀስ በቀስ ተለማምደው በከዘራቸው ራሳቸው ይሄዳሉ። ቅዳሜ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው ለሚገባ ሁሉ ማንኪያ ያድላሉ፤ ላላገባ ሰው ደግሞ ከማንኪያው ጋር ጥያቄ ይጨምራሉ። ፓስተራችን ቢመክሯቸውም አልሰሙም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰዉ በጣም ብዙ ነበር። ሁሉም ከሄደ በኋላ ወንበሩን ሰበሰብን፣ ወለሉን ጠረግን፣ የመጨረሻውን ድስት እኔ አጠብኩ፣ እሱ አደረቀ። እማማ ጥግ ላይ ኮታቸውን እንደለበሱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ይኼኛው የእውነት ነው። ከፍ ብሎ ባለው መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ገብታ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተኝታለች።

«ደከመሽ?» አለኝ።

«በጣም።»

«እንሂድ?»

ፎጣውን ከትከሻው ላይ ወስጄ እጄን ጠረግኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ትንሽ እንቆይ» አልኩት።